ቀኝ ጌታ

ቀኝ ጌታ ልሳነወርቅ፣ የባታው መምህር፣
ሲቆም እንደ ግንቡ፣ ሲያዜም እንደ ባሕር።
መቋሚያው ሲነሣ፣ ጽናጽል ዝም ይላል፤
እሱ ይወርባል፣ ሌላው ይከተላል።

እኔ ከበለሳ፣ ጎንደር በእግር ተጉዤ፣
ቅል አንጠልጥዬ፣ ዳዊቴን ይዤ፣
ከደጁ ብወድቅ፣ ስሜን አልጠየቀም፤
«አንተ በለሳ!» አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ አላወቀም።
ዜማ የሳትሁ ለታ፣ መቋሚያው ይወርዳል፣
ከብራናው ይልቅ፣ ገላዬ ያስረዳል፦
ጭረቱ ከጀርባ፣ ድፋቱ ከአንገቴ፣
ምልክት የለየሁ፣ በዚህ ነው ትምህርቴ።

በመስከረም ሌሊት፣ ማሕሌት ተቁሞ፣
ቀሃ ሞልቶ ሲጮኽ፣ ከበሮው አዝግሞ፣
ቀኝ እጁ ዘንግቶ፣ ጽናጽሉን ጣለ።
ድንጋዩ ላይ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዝም አለ።
ስሕተት መስሎን ነበር። እሱ አይሳሳትማ!
ከዚያ ከንፈሩ ዞረ፣
ከዚያ ተንሸራተተ፣ እንደ ረጠበ ሸማ።

«ቀኝ ጌታ ያለ ቀኝ!» ተቀኙበት አሉ፣
ትናንት ከእግሩ ሥር፣ ቃል የለቀሙ ሁሉ።
ወንበሩን ሌላ ሰው፣ በጊዜው ወረሰ፤
እሱ ከሆስፒታል፣ ተደግፎ ደረሰ፤
ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ እንደ ሕፃን ልጅ፣
እየኮላተፈ፣ ተቀመጠ ከደጅ።

እኔ ቂም ነበረኝ። ልዋሽ አልፈልግም።
አጎርሰዋለሁ እንጂ፣ ከልቤ አላደርግም።
ስለ ጳውሎስ እሾህ፣ ሲተረጉም ነበር፣
በደኅናው ዘመኑ፣ ተደላድሎ ከወንበር፤
እሾሁን ያን ጊዜ፣ ብራና ላይ አየን፤
አሁን በእሱ ሥጋ፣ ተሰክቶ ታየን።

አንድ ቀን በግራው፣ ነጠላዬን ያዘ፣
«ስም… ስምህ ማን ነው?» ምላሱ እየተያዘ።
ሰባት ዓመት ቆይቶ! «መንክር ነው» አልሁት።
«መን… መን…» ከመሸ ጨረሰው፤
ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት።

ጸሎተ ሐሙስ ነው። ውሃው ተቀድቶ፣
ወይራና ወይኑ፣ ቅጠሉ ገብቶ፣
የሚታጠበው ሰው፣ ከቅጽሩ ተርፎ፣
ከባጃጆቹ መሐል፣ ቁሟል ተሰልፎ።
ልሳነወርቅ መጣ፣ እግሩ ሲንገላታ፤
«ል… ልጠብ» ቢላቸው፣ አለቃው አመነታ።
በአንድ እጅ እንዴት ነው፣ የሚታጠብ እግር?
አንዱ ካልያዘለት፣ አንዱ ቢያሽስ ነበር?
ብቻ ቅጠል ሰጡት።
ዐይኑ ከሰው መሐል፣ እኔን ፈለገ፤
በላኝ ከጀርባዬ፣ ጭረት ያልጠገገ።
ወጣሁ። ምን ላድርግ? ተንበረከክሁ በቀኙ፤
ግራ እጁና ቀኜ፣ ከውሃው ተገናኙ።

መጀመሪያ የመጣው፣ የኮብልስቶን ሠራተኛ፣
ካልሲው የተቀደደ፣ ተረከዙ ቁስለኛ።
«ይሸታል» ይለናል፣ እግሩን እየሳበ።
ልሳነወርቅ ሳቀ፤ ጎንበስ አለ፤ ቀረበ፤
ግማሽ ፊቱ ብቻ፣ ነው የሚስቅለት፤
በዚያው ግማሽ አፉ፣ እግሩን ሳመለት።

ጉልበት ጉልበት እንዲሆን፣ መታጠፍ አለበት፤
ቁሞ ሳለ እንጃ፣ አላየሁም ጉልበት።

ሃያ አራት እግር አጠብን። ውሃው አፈር መሰለ።
ሲደክመው ቀና ብሎ፣ «ቀኝ ጌታ…» አለ።
ራሱን ነው ብዬ፣ ዝም አልሁ። ደገመ።
ቀኝ እጄን በግራው፣ ነካ ነካ አደረገ፤
ከዚያ ደከመ።

ሠራተኛው ካልሲውን፣ በኪሱ ከትቶ፣
ወደ ፒያሳ ሄደ፣ በባዶ እግሩ ጫማውን አጥልቆ፣ ረስቶን፣ ረስቶ።
እኔ እስከ ዛሬ ድረስ፣ ዜማ እስታለሁ፤
ሐሙስ ሐሙስ ሲደርስ፣ ውሃ እቀዳለሁ።