ቅጥር

ወንጀልን የሚያስተምር ሊቅ ይፈለግ ተባለ፤
መቶ አሥራ ሁለት ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ኮረብታ አከለ።
ከፋቿ እኔ ነኝ፣ አታሚዋም እኔ፣
በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር፣ በዚህችው ወንበር ላይ ያለቀው ዘመኔ።
"ግሌንዳ፣ ሻይ አለ?" "ግሌንዳ፣ የት ገባ ያ ቁልፍ?"
ይሉኛል፤ አቤት እላለሁ፤ ቀን በቀን ላይ ሲያልፍ።

አነበብኳቸው፤ ማን ሊከለክለኝ?

አንዱ "የስርቆት መጠን በቀዝቃዛ ወራት"፣
አንዷ "የጎዳና ፍርሃት፣ የጎዳና መብራት"፣
ሌላው ከአምስት አገር፣ ከአሥር ሺህ እስረኛ፣
ሰው ያልገባበት ሰንጠረዥ፣ መስመሩ ቀጥተኛ።
አንዳንዱን ቤቴ ወስጄ፣ ሾርባዬ እስኪፈላ፣
ልጄን ፈለግሁበት፤ በየትኛው ዓምድ ይሆን? ከማን ፊት፣ ከማን ኋላ?

ኮሪ ይባላል። ሽጉጡ መጫወቻ ነበር፤ ነዳጅ ማደያው እውነተኛ፤
የገንዘብ ተቀባይዋም ድንጋጤ፤ ዛሬም ኪኒን ትውጣለች ስትተኛ።
አላቃልለውም ይህን። ክፍሉ ውስጥ ግን የሚያውቅ የለም፤
"ልጅሽስ?" ሲሉኝ "ወደ ምዕራብ ሄዷል" እላለሁ፤ ውሸትም አይደለም፤
ወህኒው ከቢሮዬ በስተ ምዕራብ ነው።

ሦስት ተጠሩ። ሆቴል ያዝኩ። ሳንድዊች አዘዝኩ፣ አንዱን ያለ ስንዴ፤
ደረሰኝ በደረሰኝ ላይ፤ የወንጀል ጥናት ማለት ይህ ነው እንዴ?

ዶክተር አልድስዎርዝ መጣ፣ ጫማው እንደ መስታወት፣
አንደበቱ ቢላ፣ ቀልዱም በሰዓት።
ፕሮፌሰር ዊትኮም "ገንዘብ ያመጣል" አለ በሹክሹክታ፤
ሁለተኛዋ ጉንፋን ይዟት ኖሮ ስታስል ዋለች እስከ ማታ።
ሦስተኛዋ ዴልፊን ላፕራድ፣ ከዊኒፔግ፣ ካፖርቷ አንድ ቁልፍ የጎደለው፤
ሲጠይቋት "አላውቅም" ያለችው፣ ቆጥሬአለሁ፣ ሁለቴ ነው።
ዊትኮም ደብተሩ ላይ "አላውቅም" ብሎ ጻፈው።

ወደ ምሳ ስወስዳት መስኮቱ ጋ ቆመች፤
ከሐይቁ ማዶ ያለውን ረጅሙን ቅጥር አየች።
"ያ ወህኒ ቤቱ ነው?" አለችኝ። "እሱ ነው" አልኳት።
"እሁድ አውቶቡስ አለው? ማን ነው የሚሳፈርበት?"

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከመጡት ሊቃውንት፣ ከሄዱት ሊቃውንት፣
ይህን የጠየቀኝ የለም፤ አንድም ሰው፣ አንድም ዕለት።
"ዘጠኝ ቁጥር" አልኩ። ጉሮሮዬ ደረቀ።
"እናቶች ነን" ልል "እናቶች ናቸው" አልኩ፤ ምላሴ ተጠነቀቀ።
ዝም አለች። ቁልፍ የወደቀበትን የካፖርቷን ክር ጠመዘዘች፤
ምን እንደገባት እንጃ፤ "አንቺስ በልተሻል?" ብላ ሳንድዊቿን ቆረሰች።

ድምፅ ተሰጠ። አራት ለአንድ። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ድምፅ የለውም፤
"ጥሩ ሰው ናት፣ ግን…" አሉ፤ ከ"ግን" ወዲያ ያለውን አልጻፍኩም።
"ቅጥሩ ጸድቋል" ብዬ ዘጋሁ። ቃሉ ግን ሁለት ነው፤ አንዱ በማኅተም ያልቃል፤
አንዱ ከሐይቁ ማዶ ልጄን ከቦ ቆሟል።

"እናዝናለን" የሚለው ደብዳቤ አብነት አለው፤ ከመጣሁ ያልተለወጠ፤
አንድ ስም እየወጣ፣ ሌላ ስም እየተቀመጠ።
ጻፍኩት። ዊትኮም ሳያነብ ፈረመ፣ እንደ ልማዱ፤
ጠበቅሁ፣ ኮሪደሩ እስኪጨልም፣ ሁሉም እስኪሄዱ።
ከፊርማው በታች በእርሳስ ጨመርኩ፣ ካፖርቴን ለብሼ፣
ቆሜ፣ ፊደሉን እንደ ፍርፋሪ አሳንሼ፦

ዘጠኝ ቁጥር። እሁድ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል።
በግራ በኩል ይቀመጡ፤ ሐይቁ ይታያል።