የሻንጣው ቁጥር

ከመጅደል ሻምስ ተነሥቶ ነቬ አቲቭ ለመድረስ
አምስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ያውም ቁልቁል ለሚፈስ።
በደህና ቀን እንዲህ ነው።
ዛሬ ግን ጥር ነውና፣ በረዶው መንገዱን ሰርቆ፣
ሚኒባሴ እግር ብረቱን በአራት ጎማው አጥልቆ
እየተንቋቋ ይድሃል፤
መጥረጊያው አንዴ ይጠርጋል፣ አንዴ ደክሞት ይቆማል።

ሥራዬን ለጠየቀኝ፦ የሰው ሻንጣ አመላልሳለሁ።
ሰዎቹን አላገኛቸውም፣ ክብደታቸውን ግን አውቃለሁ።
እነሱ ሄርሞን ላይ ናቸው፣
ዳዊት የደገምን ሰዎች አርሞንኤም በምንለው፤
እየተንሸራተቱ፣ በቂጣቸው እየወረዱ፣
ትናንት ካደሩበት ቤት ዛሬ ሌላ እየወደዱ።
አንዱ ሙቅ ውሃ አለቀ፣ አንዱ አልጋው ጠበበኝ ብሎ፣
እቃው ወደ ጎረቤት ይሄዳል በእኔ ጀርባ ታዝሎ።

ባለ ማረፊያው ናዝሚ በር ላይ ቆሞ ይስቃል፦
«ሁለት ሌሊት ሊያድር መጥቶ፣ ሰው ቤቱን ነቅሎ ይመጣል?»
ስድስተኛውን ሻንጣ በጉልበቱ እየገፋልኝ
አንድ ፖም፣ «ለወገብህ» ብሎ፣ ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ።

ልጆቼ በዕብራይስጡ ለዚህ ሁለት ስም አላቸው፤
ሼሌግ የሚያርፈው ነው፣ ባራድ የሚመታቸው።
እኔ ግን አንድ ቃል ብቻ፦ በረዶ።
ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ የባቄላ አበባ የሚያረግፍም በረዶ፤
እንደ ባዘቶ ተንሳፎ ትከሻ ላይ የሚቀመጥም በረዶ።
የቱ እንደሆነ የማውቀው
ሲነካኝ ነው።

ዛሬ ደግሞ ሰው ጭኛለሁ፤ ከሆሎን የመጣች እናት፣
ልጇ ሊሂ ትኩሳት ይዟት፣ መንሸራተቱ የቀረባት።
ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከፊት ወንበር ተቀምጣ
እግሯ ሥር ካለው ሻንጣ ቁጥሩን ላጠች፦
አሥራ ሰባት።
ግንባሯ ላይ ለጠፈችና፣
«እኔም ሻንጣ ነኝ!» አለችኝ፣ «እኔንም ተሸክመህ አውጣ!»
እናቷ ሳቀች።
እኔም ሳቅሁ፣ ዘግይቼ።

ግንቦት ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ።
ወንበሩ የተነቀለ አውሮፕላን፣ ሰው በሰው ላይ፤
ሻንጣ አልተፈቀደም፣ አንድም፤
ቁጥር ግን ነበር፣ ግንባሬ ላይ።
እናቴ ትርንጎ መንገዱን ሙሉ በመዳፏ ተጭናው መጣች፣
«ላብህ እንዳያስለቅቀው፣ ትጠፋብኛለህ» እያለች።
ስንት ነበር? እሷ መቶ ሠላሳ ስምንት ትላለች፤
ወንድሜ ይግዛው መቶ ሰማንያ ሦስት ብሎ ይምላል።
በየበዓሉ ይከራከራሉ። እኔን የጠየቀኝ የለም።
ቢጠይቁኝም አላውቀው፤
የማስታውሰው ሙጫውን ነው፣
ሲላጥ ቅንድቤን ይዞ የሄደውን።

ነቬ አቲቭ ደረስን። እናትዮዋ ወረቀቱን መሳብ ስትጀምር
ልጅቷ ጮኸች፤ ይዟል ጸጉር።
«ቀስ በይ» አልኳት፣ «አትጎትቺው፤
በሞቀ ውሃ ነው፣ ከዳር ከዳሩ ነው የሚለቀው።»
«ከየት አወቅህ?» አለችኝ።
«ሥራዬ አይደል?» አልኩና
እቃ ማውረድ ጀመርኩ፣ በረዶው ጫማዬ ውስጥ እየገባ።

ማታ ከእንግዳ መቀበያው ስልክ ተደወለ።
ፖሙን እየገመጥኩ ነበር፤ ውጭ ጣራው ይደበደባል።
«አንድ ሻንጣ ተርፎናል» አለች ልጅቱ፣ «ቁጥር የለውም።
የማን ነው?»
አፌ ሞልቶ ስለነበር
ወዲያው አልመለስኩላትም።