ኪሎ ከሩብ

ሰኞ ገበያ ላይ፣ በበርበሬ ሚዛን፣
ይማምና እኔ መዘንነው ሣጥኑን።
ኪሎ ከሩብ ሆነ።
ባለሚዛኗ ዙልፋ ከት ብላ ሣቀች፤
«ቀፎ ነው? ንቡስ የታል?» ብላ ጠየቀች።
ይማም መልስ አልሰጠም፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣
በርበሬው አስነጠሰው፤ ሌላ ምን አደረገ።

ዘጠኝ ወር ፈጀብን።
ዋንዛው ከገራዶ ነው፤ ያረጀ የቁም ሣጥን በር፣
ሙሽራዋ አርጅታ ስትሞት ልጆቿ የሸጡት፤ ሲላግ ልብስ ልብስ ይሸት ነበር።
ናሱ የላምባ ምድጃ፣ ተቀጥቅጦ ሳስቶ፤
ወናፉ የባቲ ፍየል ቆዳ፣ እንደ ወረቀት ተፍቆ፣ እጥፍ በእጥፍ ተሰፍቶ።
መስታወቱን ግን እኔ ነኝ የፈተግሁት፣
በደቃቅ አሸዋ፣ በክብ በክብ፣ ሦስት ሌሊት፣
አሳልፎ ማሳየቱን ትቶ እስኪመስል ድረስ የደሴን ጠዋት።
ሌንሱ ብቻ የሰው ነው፤ ከተዘጋ ፎቶ ቤት፣ ከፒያሳ፣
ስንት ሰርግ፣ ስንት ጉርድ ፎቶ አይቶ፣ አንዱንም ሳይረሳ—
ወይም ሁሉን ረስቶ። መስታወት ምን ያውቃል?
ያየውን አሳልፎ ራሱ ባዶ ይቀራል።

ጥቁር ጨርቅ ስፈልግ እህቴ ያወጣችልኝ
የሐዘን ነጠላዋን ነው፤ «ዓመቱ ወጥቷል፣ ውሰደው» አለችኝ።
ከሥሩ ገባሁ። የቀለም ሽታ። የገዛ ትንፋሼ።
ከዚያ ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ
ከተማው መጣ፣ ቀስ እያለ፣ በዚያች መዳፍ በምታክል መንገድ፦
ጦሳ ቁልቁል ተንጠልጥሎ እንደ ሌሊት ወፍ፣
የቆርቆሮው ጣሪያ ሁሉ ወደ ታች ሲሰለፍ፣
ባጃጁ በጀርባው ሲከንፍ፤
አንዲት ሴት ጀሪካን አዝላ በአናቷ ስትሄድ፣ እርምጃዋ ሳይዛነፍ፣
ከውሃው ጠብታ ሳይንጠፈጠፍ።

ይማምን ጠራሁት። ገባ። «ያ ረቢ!» አለ ከውስጥ።
ወጣ ግንባሩን ቋጥሮ፦
«ገልብጨ ነው የገጠምሁት፤ መፍቻውን አምጣ፣ ይፈታ ዞሮ።»
«አይ፣ እንዲህ ነው ሥራው።»
«እንዲህ? ዘጠኝ ወር የለፋነ ደሴን ልንገለብጣት ነው?»
ብሎኝ ተመልሶ ገባ፤ ቆየ፣
ከነጠላው ሥር ጫማው ብቻ ታየ፣
አንዱ እግሩ እንደ ልጅ ተነሥቶ።

ፊልሙ ሁለት ቅጠል ነበር የቀረኝ።
አንዱን ሀረጎ ላይ፣ ከጥምዙ ዳር፣ ጭጋጉ ኮምቦልቻን እስኪገልጥልኝ
ግማሽ ቀን ጠብቄ፣ ሹፌሮች ጥሩምባ እየነፉብኝ፣
ብርሃኑ ሲመጣ ቸኩዬ፣ ሌንሱን ሳልዘጋ መከለያውን ሳብሁት።
ጠቆረ። በገዛ እጄ አቃጠልሁት።

ሁለተኛው ለይማም ሆነ።
ሸዋ በር፣ ከሱቁ ደጃፍ፣ በርጩማ ላይ አስቀመጥሁት፤
ሰማዩ ደመና ነው፤ «እስከ ስድስት ስቆጥር እንዳትነቃነቅ» አልሁት።
ኮቱን ቆለፈ። ትንፋሹን ዋጠ።
አንድ። ሁለት። ጭድ የጫነ ጋሪ ሊያልፍ ሲል ቆም አለልን፤
ሦስት። አራት። ባለጋሪውም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሮ ቆጠረልን።
አምስት።
ስድስት።

ታጥቦ ሲወጣ ፊቱ እንዳለ ነው፦ የአገጩ ጠባሳ፣ የግንባሩ መስመር፣
ጆሮው ላይ የሰካት እርሳስ፣ የጥርሱ ንክሻ ሳይቀር።
እጆቹ ግን የሉም።
ጉልበቱ ላይ ነጭ ጢስ ብቻ፤
ለካ ስድስት ቁጥር ሙሉ፣ እሱም ሳያውቀው ለብቻ፣
የሌለ እንጨት ሲልግ ኖሯል።

«እጄንስ የት አደረስኸው?» አለኝ፣ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙሮ።
ምን ልበል? ሣጥኑን ከጀርባዬ አውርጄ ሰጠሁት።
ተቀበለኝ፤ ማዕዘኑን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣
«እዚች ጋ ሸከር ትላለች» ብሎኝ
ብርጭቆ ወረቀት ፍለጋ ወደ ጓዳው ገሰገሰ።