ልብ ግዢ

ልጅ ሳለሁ፣ ወፍጮ ቤት፣ የሰው ጤፍ ስደፋ፣
«ልብ ግዢ!» ይለኝ ነበር፣ ድምፁ እንዳይጠፋ
ከሞተሩ በላይ እየጮኸ።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ፣ ቁጥር ዘጠኝ በር ላይ፣
ልብ የት እንደሚሸጥ ልጠይቅ መጣሁ ወይ?

ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮት አንሥቶ፣ መልሶ፣
«ልባቸው ሰፍቷል» አለ፣ ቃሉን አለሳልሶ።
ይህንማ ቡሬ ሙሉ ያውቃል!
ልበ ሰፊው አንማው፣ ዱቤ የማያስታውስ፣
የመበለት ቁና ፈጭቶ በነጻ የሚመልስ።
ምርቃት መስሎን የኖርነው ቃል
ለካ በሽታም ይሆናል።

«ከመቶ ሃያ ብቻ ነው ደም የሚገፋው» ሲል
አባቴ ሣቀ፤ ሳል አቋረጠው።
«በሃያማ፣ ልጄ፣ ማሽላም አይልምም፤
ጤፉ ይቅርና ድንጋዩም አይዞርም።»

ከዚያ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገረን፦
ክኒን፣ አራት ዓይነት፣ አንዱ የእግር እብጠት የሚያጎድል፤
ጨው መተው፤ ውሃ በልክ፤
ከቆዳ ሥር የሚቀበር ባትሪ፣ እሱም አዲስ አበባ፣ በወረፋ፤
ባሕር ማዶ ደም የሚገፋ ፓምፕ፣ ሌሊት ሶኬት ላይ የሚሰካ፤
የሌላ ሰው ልብም አለ፣
ዋጋው ቤታችንም ወፍጯችንም ተሸጠው የማይሞላ።
«ደግሞ» አለ ዝቅ ብሎ፣ «እያስታገሡ እቤት መሆንም ሕክምና ነው።»

«ያ ፓምፕ» አለ አባቴ፣ የሞተር ሰው ነውና፣
«ቡሬ መብራት ሲሄድ፣ እኔም አብሬ ልሂድ እና?»
«የሰው ልብስ?» አልኩት።
«የሰው ልብስ ለብሼ አላውቅም» አለኝ።
ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ የወጣ ሰው፣
ኅብር አያልፈውም።

ስንመለስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሚኒባሱ ሲቆም፣
«ብሩን ፈርተህ ነው ወይ?» አልኩት። መልስ የለም።
መስኮቱን ከፈተ።

አሁን በየማለዳው፣ የእህሉ ባስኩል ላይ
ቀስ ብሎ ይወጣል፣ እኔ ቁጥሩን ሳይ።
ሁለት ኪሎ ከጨመረ ውሃ ነው፣ ለሐኪሙ እደውላለሁ።
በዱቤ ደብተሩ፣ ከየሽወርቅ ሁለት ቁና ሥር፣
«አንማው፣ ስልሳ አንድ ተኩል» ብዬ እጽፋለሁ።
እናቴ ይታይሽ የራሷንም ወጥ ጨው ነሥታዋለች፤
ፊቷን ሳታጨማድድ ትበላለች።
ሌሊት በሦስት ትራስ ተደግፎ ነው የሚተኛው፤
እኔ ግድግዳው ማዶ ትንፋሹን እቆጥራለሁ፣
ቁጥሩ ይጠፋብኛል፣ ከአንድ እጀምራለሁ።

ትናንት አንድ ኪሎ ቀንሼ ጻፍኩ፣ እንዳይደነግጥ።
ዕድሜውን በሚዛን የኖረ ሰው፣
በእግሩ ጣት አውቆታል።
«ልብ ግዢ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣
ሳይጮኽ፤
ሞተሩ ቆሟልና።