ወንበሩ

ሥራዬ መያዝ ነው፤ ደሞዝ አለው ደግሞ።
በጠዋት ስገባ ያ ዘበኛ ቆሞ
ይጠብቀኛል፣ የእጅ ባትሪውን አብርቶ፤
አርባ ጊዜ በቀን፣ አንዴም ሳይሰለች፣ አንገቴን አግኝቶ።
እጽፋለሁ እኔ፦ «ደረጃ አራት፣ ግቢ።
ከበርሜሉ ኋላ ተያዝኩ።» «እንደገና ግቢ»
ትለኛለች ታይሚ፣ ዓይኗን ሳታነሣ፤
ጥላ ትመድባለች፣ ካንዱ ጥግ ቀንሳ።

ታምፔሬ ነው ቦታው፤ ከወንዙ አፋፍ በላይ፣
ድሮ ጨርቅ ባመረተ የጡብ ሕንፃ ላይ።
ኅዳር ነው፤ ፀሐይዋ በዘጠኝ ተኩል ጠልቃ
የተረፈችው ብርሃን ከስክሪኑ ተጣብቃ።

አለቃችን ኤስኮ መጥቶ «ቀለለ» አለ፤
«ሰው ካልፈራ ምኑን ተሸሸገ፣ ምኑን ተከለለ?
ዓይኑን እንደ ቢላ ሳሉት፤ ጆሮውን ጨምሩ፤
ሦስት ዘብ አክሉና መብራት ስቀሉ በበሩ።»

እንዳለው አደረግን። ዓይኑ ግንብ ሰነጠቀ፤
ገና በር ሳልነካ ፊሽካው አንባረቀ።
ከበደ፣ አዎ ከበደ፤ ግን የድንጋይ ክብደት፤
ተሸክሜው ዋልኩ እንጂ አንድም አላሰብኩበት።
መያዙን አልጠላም ሰበቡን ካሳየኝ፣
«ጠጠር ረግጠሻል» ብሎ ከዳኘኝ።
አንጀት የሚያሳርረው ያልተማሩበት ሽንፈት፣
ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጥፊ፣ በጨለማ ቤት።

ታይሚ ዝም አለች። እሷ ጆሮዋን የጣለችው
ከኮሪደሩ ነው፤ አምሽታ የምትሰማው እሱን ነው፦
ኡንቶን፣ የሕንፃውን ዘበኛ፣ የእውነቱን፤
እያስታመመ የሚሄድ ያንን ቀኝ ጉልበቱን።
አንድ ረጅም እርምጃ፣ አንድ አጭር። ቁልፍ ይንሿሿል።
ከሦስተኛው መስኮት ጸጥ። ወንዙን ያይ ይሆናል።
ደግሞ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። ይሄዳል።

ይህን ሰረቀች። ሦስቱን ዘብ አባረረች፤
የእኛን ሰውዬ ዓይን እንደ ሰው ዓይን አደከመች፤
ጉልበት ግን ሰጠችው፣ ሌት ሌት የሚያመውን፣
መስኮትም ሰጠችው፣ ቆሞ የሚያይበትን።

አሁን እቆጥራለሁ፣ ከበርሜሉ ኋላ፣
ትንፋሼን ውጬ፣ በሁለት ክንድ ጥላ።
ሲረዝም ዝም እላለሁ፣ ሲያጥር እራመዳለሁ፤
ከተያዝኩም ደግሞ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፦
ቸኩያለሁ።

አንድ ሌሊት ኡንቶ፣ መብራት አይቶ፣ ገባ፤
ጓንቱን አወለቀ፣ ጫማው በረዶ እያነባ።
«እስቲ ተጫወት» አለችው። መቆጣጠሪያውን ይዞ
ቁጭ አለ ከጎኔ፣ እንደ ድንጋይ ፈዞ።
አንድ ደቂቃ። ሁለት። ጣቱ አልተንቀሳቀሰ።
ዘቡ ዞረ፣ ሄደ፣ ተመልሶ ደረሰ።
«እለፍ እንጂ!» አልኩት፤ «ጀርባውን ሰጥቶሃል!»
«ቆይ እስቲ» አለ ኡንቶ፤ «ይኸ ሰው ታሟል።
ሌሊቱን ሙሉ ነው እንዲህ የሚቆመው?
ጉልበቱን እያመመው
ወንበር የለውም?»

ታይሚ ልትስቅ ነበር፤ ከንፈሯ ላይ ቀረ።
ከመስኮቱ ግርጌ አንድ ወንበር ተጨመረ።

ከዚያ ወዲህ ዘቡ፣ ሲያመው፣ ይቀመጣል፤
መቼ እንደሚያመው ግን ማን ቆጥሮ ያውቀዋል?
ቁጥሬ ፈረሰ። ወንበሩን እሰማለሁ፤
ሲጥ ባለ ቁጥር፣ ግማሽ ተነሥቼ፣ መልሼ እተኛለሁ።
ስል ዓይን፣ ሦስት ዘብ፣ ያ የመብራት መዓት
እንደዚች ባለአራት እግር አልከበዱኝም፣ በእውነት።

ትናንት ከኋላው ደረስኩ። ራሰ በራው ታየኝ።
ጎንበስ ብሏል። ክንድ እንኳ አይርቀኝ።
ሁለት ቁልፍ ነበር፦ አንዱ ከወገቡ፣
አንዱ አውራ ጣቴ ሥር፣ «ምታው» ነው አሳቡ።
አልተጫንኩም።
በመስኮቱ፣ በትከሻው በኩል፣ ታይሚ የሣለችው ወንዝ ይወርዳል፤
እስካሁን አላየሁትም ነበር፣ ስቆጥር።

ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ «ደረጃ አራት፣ ግቢ።
አልተያዝኩም። አላለፍኩም።
ዐርፏል፤ እንዳልቀሰቅሰው ብዬ ጠበቅኩ።»

ታይሚ አነበበች። ዓይኗን አነሣች።
«እንደገና…» ብላ ጀመረች፣
ተወችው።