የዘበኛው መዝገብ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣
አዘዞ፣ ከዱቄት ፋብሪካው በር ላይ፣
ካፖርት ደርቤ ቆሜ ሌሊት ሰማይ ሳይ፣
ሲነጋ መዝገቡን ገልጬ ስጽፍ ኖርሁ
«ሌሊቱ በሰላም አለፈ» እያልሁ።

ጡረታ ስወጣ
ፊሽካዬን ተረከቡኝ፣ ካፖርቱን ተዉልኝ፤
ሰባት ዶሮ ገዛሁ ቤቱ ጭር ቢልብኝ።
ከአንገረብ ወንዝ በላይ፣ ጓሮዬ ቁልቋል የከበበው፣
ግማሹ አጥር ያለው፣ ግማሹ የሌለው።
ገብስማዋ ትቀድማለች፣ ቆቅማዋ ትከተላለች፣
ዝግርማዋ ለብቻዋ ጉድፍ ላይ ታፈላልጋለች፤
አውራው ግን ሥራ የለው፣
አጥር ላይ ወጥቶ፣ የጠየቀው ሳይኖር
ሰዓት ይናገራል፤ ሬዲዮ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ከላይ ነው። ጭልፊት።
ጥላው መሬት ነክቶ እንደ ጨርቅ ቅዳጅ ሲያልፍ
ለካ ያ ባለ ሬዲዮ፣ ያ አውራ፣ ያ ሰነፍ፣
አንዲት ቃል ያውቅ ኖሯል፤ ቀጭን፣ ረዥም፤
ሁሉም ቁልቋል ሥር ገቡ፤ እኔ ግን አልገባኝም።
አስናቁ፣ ጎረቤቴ፣ አሮጌ ሲዲ ከልጇ ለምና
አመጣችልኝ፤ በሲባጎ ሰቀልን ከብሳና፤
ያ ሁሉ የሰው ሠርግ ፀሐይ ላይ ሲሽከረከር
ጭልፊቱ ሌላ ሰፈር ሄደ፤
ቀኑ ለእኛ ሆነ፤ ሌሊቱ ግን ነበር።

ሌሊቱ ሸለምጥማጥ ነው።
በር አያንኳኳ፣ ኮቴ አያሰማ፣
ጭንቅላቱ ካለፈ አካሉ አያቅማማ፤
ጣት በማታስገባ ቀዳዳ ይሾልካል፣
የአንዷን አንገት ይዞ የሌላዋን ይለካል።
በቆርቆሮ ጠገንሁ፣ በጭቃ መረግሁ፣
በሩን በድንጋይ፣ ድንጋዩን በዱላ አስደገፍሁ፣
የቀጋ እሾህ ቆርጬ ዙሪያውን ከመርሁ፤
እጄ ደማ እንጂ፣ እሱን ምን ገደደው!

«ቆልፍባቸው፣ ቀንም አታውጣቸው» አስናቁ አለች፤
ሦስት ቀን ቆለፍሁ።
ገብስማዋ ግድግዳ ተጠግታ ላባዋን ነጨች፤
እንቁላል የለ፣ ጭረት የለ፤
አውራውም ሰዓት መናገር ተወ፣ ጊዜው የቆመ መስሎት።
በአራተኛው ቀን ከፈትሁት።
«ምነው?» አለች አስናቁ ቆማ ከጎኔ።
ዝም አልሁ።
እዚያ በር የተቆለፈው ማን ነበር፣ ዱቄቱ ወይስ እኔ?

ማታ ማታ እቆጥራለሁ ባትሪዬን አብርቼ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ጅራት ከራስ ለይቼ።
ሐሙስ ማታ ስድስት።
እንደገና፤ ስድስት።
ገብስማዋ የለችም።
እስከ ወንዙ ወረድሁ፤ ላባም ደምም የለም።

በዚያች ሌሊት መጣብኝ የደበቅሁት ነገር፤
ከዓመታት በፊት፣ በአንድ የሐምሌ ዝናብ፣ በር ላይ ተኝቼ ነበር።
ሁለት ጆንያ ዱቄት ወጣ በእንቅልፌ ላይ ተራምዶ፤
ጧት እጄ ጻፈ፣ ቃሉን ለምዶ፣
«ሌሊቱ በሰላም አለፈ።»
ከሺህ ጆንያ መሐል ሁለት ጎደለ ብሎ ማን ለፈፈ?
ዶሮ ግን ሰባት ናት።
ሰባትን አይዋሹባት።

ሃያ አንድ ቀን ቆይታ ገብስማዋ መጣች፣
ለሌባ ከከመርሁት ቀጋ፣ ከእሾሁ መሐል ወጣች፤
ከስታ፣ ተቆጥታ፣ ዘጠኝ ጫጩት አስከትላ።
አጥሬ ሸለምጥማጡን አልመለሰም፤ ለእሷ ግን ሆናት ከለላ።
አስናቁ እልል አለች። እኔ ደብተር ገዛሁ፣ ባለ መስመር፤
«ዘጠኝ» ብዬ ጻፍሁ፣ ቀኑ ሳይቀር፣ ሰዓቱ ሳይቀር።

ትናንት ማታ ስምንት።
ባትሪው ሊሞት ሲል ይቀላል፤ በቀይ ብርሃን ደገምሁ፤ ስምንት።
የወሰደውን አላየሁም፤ ጭልፊትም ይሁን፣ ድመት።
ካፖርቴን ደርቤ ደጃፋቸው ተቀመጥሁ፤
ወገግ ሲል፣ እጄ ወደ ለመደው ሐረግ ሲሄድ ያዝሁ፣
ከለከልሁ፤ ጻፍሁ፦
«ሌሊቱ አለፈ። አንድ ጎደለ። ነቅቼ ነበርሁ።»