በባዶ ሆድ

አባቴ ላምቤቦ፣
ወንጂ ሠላሳ ዓመት ስኳር ሲያፈላ የኖረ፣
ዛሬ አዳማ፣ በዚህ ሙቀት፣ አብሽ ዘፍዝፎ አደረ።
ጎህ ሲቀድ ይጠጣል፣ አፍንጫውን ይዞ፤
ያስከትላል ሽፈራው፣ በሞቀ ውሃ በርዞ፤
ከዚያ ቀረፋ፤
ከዚያ ከመናኸሪያ በር የገዛው እንክብል፣
አንበሳ የተሳለበት፣
ሻጩ «የሐኪሙን ተወው» ያለበት።

ጣቱን ወጋሁት። ሁለት መቶ አሥራ አራት።
መለኪያውን ነቀነቀው፣ እንደ ቆመ ሰዓት።
«እኔ ጡረታ ወጣሁ» አለ፣
«ስኳሩ ገና ሥራ ላይ ነው።»

ኮቱን ላጥብ ብዬ ኪሱን ብፈትሸው፣
ከፋብሪካው መታወቂያ ጋር
የሐኪሙ ኪኒን፣ አንድ ፍሬ ያልጎደለው።

አልተቆጣሁም። አብሹንም አልደፋሁ።
ከብርጭቆው አጠገብ አንዷን ፍሬ አኖርኩና
«በፈረቃ ይግቡ» አልኩት።

ቆይቶ ፈገግ አለ።
ለኪኒኗም
አፍንጫውን ያዘ።